ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ድረ ገጽ

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው «ፕላዝማ» በሳተላይት የሚሰራጭ ስለነበር፣ ተማሪው ባይገባውም መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም ነበር፡፡ በድረ ገጽ ላይ ያለ ትምህርት ግን ይቆማል፣ ይደገማል፡፡ ችግሩ መስመሩ ነው፡፡ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፡፡

ለምዕራብ ጎጃም ገጠር መምህራን የምመክረው አስቀድሞ ማውረድን ነው፡፡ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሄደው መስመር ሲያገኙ፣ «ኪዊክስ» የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ከነዊኪፒዲያው በፍላሽ ይያዙ፤ ክፍል ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፡፡ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው «ፌት» የሚያቀርባቸው የፊዚክስ ሙከራዎችም እንዲሁ ይወርዳሉ፡፡ ቤተ ሙከራ የሌለው ተማሪ ባትሪና አምፖል በላፕቶፕ ላይ ራሱ ያገናኛል፤ አምፖሉ ካልበራ ለምን እንደሆነ መምህሩን ይጠይቃል፡፡ ፕላዝማው ጊዜ ያልሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነበር፡፡