ከደጅ ጥናት ወደ ፈተና ጥናት



ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚያልፈው አውራ ጎዳና የተጓዛችሁ ሁሉ ዋጃን ታውቋታላችሁ። በስተምዕራብ ደጋው እንደ ግንብ ቆሟል፤ በስተምሥራቅ ሌላ የተራራ ሰንሰለት ይታያል፤ በመካከሉ የራያ ሜዳ ተዘርግቷል። የሜዳው ኑሮ ማሽላና ጤፍ ነው፤ የማሽላውና የጤፉ ኑሮ ደግሞ ከደጋው የሚወርደው ጐርፍ ነው። በሜዳው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ፣ ፀሐይም እንደ በራች፣ በደጋው የዘነበው ዝናብ ደረቁን ወንዝ ሞልቶ ድንገት ይደርሳል። ገበሬው ጠልፎ ወደ ማሳው ካስገባው እህል ይሆንለታል፤ ካመለጠው ግን የዓመቱን ቀለብ ይዞበት ይሄዳል።

ባለፈው ሐምሌ ለሥራ ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ፣ በዋጃ በአንዲት ሻይ ቤት አንድ ወጣት አገኘሁ። በውሃ ምሕንድስና ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በፊቱ ወፍራም ደብተር፣ የሒሳብ መኪናና የቀዘቀዘ ሻይ ነበር። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ጀማሪ መሐንዲስ በፈተና አወዳድሮ ለመቅጠር ማስታወቂያ አውጥቶ ነበርና ለዚያ ይዘጋጅ ነበር። የማወራውን ሰምቶ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔን ሲረዳ፣ «ጋሼ፣ እንደው ይህ ፈተና የእውነት ነው? ወይስ ሰውየው አስቀድሞ ተመርጦ እኛ ለይስሙላ ነው የምንቀመጠው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ያን ጊዜ በቂ መልስ አልሰጠሁትም። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው ብትሉት ስሕተት የለበትም። የውጭውን አገር ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ግን በገዛ አቆጣጠራችን እናገራለሁ።

ሹመትን በፈተና መስጠት እጅግ የቆየ ነገር ነው። ቻይናውያን በሰባተኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀምረው እስከ 1905 ድረስ ሹማምንታቸውን በጽሑፍ ፈተና ሲመርጡ ኖረዋል። የሚፈተኑበት ግን የጥንት መጻሕፍት ቃልና የቅኔ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ በቅኔ ያለፈው ሹም ወደ አውራጃው ሲሄድ፣ ከሚጠብቁት ሥራዎች አንዱ በየዘመኑ እየጣሰ ሕዝብ የሚፈጀውን የቢጫውን ወንዝ ግድብ ማስጠበቅ ሊሆን ይችል ነበር። ወንዙም ቅኔ አይሰማም። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

መሐንዲስን ለብቻው በትምህርት ቤት አስተምሮ መምረጥ የጀመሩት ፈረንሳዮች ናቸው ለማለት ይቻላል። በ1747 የድልድይና የመንገድ ትምህርት ቤት በፓሪስ አቆሙ፤ ከአብዮታቸው በኋላም በ1794 የተመሠረተው ፖሊቴክኒክ ተማሪዎቹን በውድድር ፈተና ይቀበል ጀመር። በእንግሊዝ አገር በ1854 የወጣ አንድ ዝነኛ የመንግሥት ሪፖርት፣ የመንግሥት ሥራ በዘመድና በወዳጅ መሰጠቱ ቀርቶ በፈተና እንዲሆን መከረ።

ለእኛ ነገር ከሁሉ የሚቀርበው ግን በህንድ አገር የሆነው ነው። በ1847 በሩርኪ ከተማ አንድ የምሕንድስና ኮሌጅ ተከፈተ። ምክንያቱ ውሃ ነበር፤ ይኸውም የጋንጅስን ወንዝ ጠልፎ ብዙ አገር የሚያጠጣ ታላቅ ቦይ ይቆፈር ስለ ነበር፣ ሥራው መሐንዲስ ብቻ ሳይሆን ከመሐንዲሱ በታች ሆኖ የሚለካ፣ የሚቆጣጠርና የሚመዘግብ ሰው ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ኮሌጁ መሐንዲሶችን ለብቻ፣ ከእነርሱ በታች የሚሠሩትን ለብቻ ያስተምር ነበር። በኋላ ዘመን በህንድ «ጁኒየር ኢንጂነር» የተባለው ማዕረግ ሥሩ ያ ነው። ተማሪዎቹ የተማሩትን በቦዩ ላይ ወጥተው ያዩት ነበር፤ ቦዩ የሚያልፈው በዚያው በከተማቸው በኩል ነበርና። ቦዩም በ1854 ተከፈተ። (በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ለብዙ አባቶቻችን ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩት ህንዳውያን እንደ ነበሩ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።)

ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ ሥራ ፈላጊ ማመልከቻ አይጽፍም ነበር፤ ደጅ ይጠና ነበር። በጠዋት ተነሥቶ ከባለሥልጣኑ በር ቆሞ፣ ሲወጣ እጅ ነሥቶ፣ ሲገባ ተከትሎ፣ ወራትን አልፎም ዓመታትን ያሳልፍ ነበር። የሚያስደንቀው ነገር «ደጅ ጥናት» የምንለውና የተማሪ «ጥናት» ሁለቱም «ጠና» ከሚለው ከአንድ ግስ መውጣታቸው ነው። በአንደኛው የሚጠናው እግር ነው፤ በሁለተኛው የሚጠናው ልብ ነው። ሆኖም ምሕንድስና በደጅ ጥናት የሚገኝ ጥበብ ስላልሆነ፣ መሐንዲስ ሲያስፈልግ ከውጭ አገር ይመጣ ነበር። በ1871 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ ዘንድ የመጣው ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ከነዚህ አንዱ ነው፤ እርሱም ከመሐንዲስነት አልፎ የንጉሡ አማካሪ እስከ መሆን ደርሷል።

በዋጃ የሚያልፈውን አውራ ጎዳና ደግሞ ጣልያኖች በወረራ ዘመናቸው ሠሩት። መንገዱ ከዋጃ ወደ አላማጣ ሄዶ፣ ከዚያም በግራካሕሱ ጠመዝማዛ ወደ ኮረም ይወጣል። በዚያ ጠመዝማዛ ያለፈ ሰው የሠሪዎቹን ሙያ አይክድም፤ ነገር ግን ለማን ጥቅም እንደ ተሠራ ሁላችን እናውቃለን። ከነፃነት በኋላ ጦርነትና ዝናም ያበላሸውን ይህን መንገድና ሌሎቹንም ማን ይጠግን? የሚለው ጥያቄ ከባድ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተበደረች፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹ ኃላፊዎቹና መሐንዲሶቹም አሜሪካውያን ነበሩ። ኢትዮጵያዊው በረዳትነት እየለካ፣ እየመዘገበ፣ እያየ ተማረ። የእኛዎቹ የመጀመሪያ ጀማሪ መሐንዲሶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ እንጂ በፈተና አልተገኙም።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቶቹ ተከታትለው መጡ። በ1945 ዓ.ም. የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የሕንፃ ኮሌጅ ቆመ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተመረቀ። ውሃን ዋና ትምህርቱ ያደረገው የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግን እስከ 1979 ዓ.ም. መቆየት ነበረበት።

ምሩቅ ሲበዛ የመምረጫው ነገር ጥያቄ ሆነ። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥትን ሠራተኞች የሚያስተዳድር አንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ቁጥር 23 ተቋቋመ፤ የመንግሥት ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 1 ም ተከተለ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በገዛ ፈቃዱ ይቀጥር የነበረው፣ ከእንግዲህ በሥርዓት፣ በደረጃና በችሎታ ይሁን የተባለው በዚህ ጊዜ ነው። ከብዙ ለውጥ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 262/1994 ደግሞ፣ ክፍት ቦታ የሚሰጠው ለሥራው የሚፈለገውን ችሎታ አሟልቶ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ላገኘ ሰው ብቻ ነው ብሎ ደነገገ። እነዚህን ቁጥሮች የዘረዘርሁት በከንቱ አይደለም። የዋጃው ወጣት ጥያቄ መልስ በውስጣቸው አለ፤ ፈተናው የእውነት እንዲሆን ሕግ ከታዘዘ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ሕጉ በየመሥሪያ ቤቱ መፈጸም አለመፈጸሙ ግን በሕጉ ሳይሆን በእኛ፣ ይህን ጋዜጣ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በምናነበው ሰዎች እጅ ነው። ደጅ ጥናት ስሙን ለውጦ በስልክ ሲመጣ «አይሆንም» የሚል የፈተና ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ድልድይ ከሠራ መሐንዲስ አያንስም።

አሁን ወደ ቻይናው ወንዝ ልመለስ። ፈተናው የእውነት ቢሆንስ፣ የሚጠየቀው ነገር ምንድን ነው? ወጣቱ ደብተሩን አሳየኝ። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍሁ ሰው ስለሆንሁ ብዙውን አልተረዳሁትም፤ አንዱን ግን አስረዳኝ። የአንድ ወንዝ መነሻ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ በሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሁሉም ላይ እኩል ቢዘንብ፣ ከዝናቡም ከመቶው 40 እጅ ወደ ጐርፍ ቢለወጥ፣ በሴኮንድ 67 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይወርዳል። ይህ ስሌት በአየርላንድ አገር በ1851 ከታወቀ ወዲህ በዓለም ሁሉ ይማሩታል። ውሃው በቦይ ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት የሚለካውም ቀመር ከዚያው አገር ነው፤ በ1889 ያቀረበው ሮበርት ማኒንግ ይባላል። ይህ ማኒንግ በምሕንድስና ትምህርት ቤት ያልተማረ፣ በ1846 በሒሳብ ሠራተኝነትና በንድፍ ሥራ ወደ መንግሥት ሥራ ገብቶ እስከ ዋና መሐንዲስነት የደረሰ ሰው ነበር። ዛሬ በስሙ የሚፈተኑት ሁሉ የተቀመጡበትን ፈተና እርሱ አልተቀመጠም። ይህን ስነግረው ወጣቱ ሳቀ፤ «እንግዲያው የእኛን ቅጥር ቢወዳደር በመጀመሪያው ማጣሪያ ይወድቅ ነበር» አለ።

ስሌቱ እውነት ነው። ነገር ግን ዝናቡ በሁሉ ላይ እኩል ይዘንባል ብሎ ይጀምራል፤ የራያ ዝናብ ደግሞ ይህን አያውቅም። ደግሞም ስሌቱ የውሃውን ብዛት እንጂ ውሃው የተሸከመውን ደለል አይነግርም። የራያ ገበሬ ግን ደለሉን ነው የሚፈልገውም የሚፈራውም፤ ማሳው ላይ ሲያርፍ ማዳበሪያ ነው፣ ቦዩ ውስጥ ሲያርፍ ጠላት ነው።

ገበሬው ጐርፉን የሚጠልፈው በአሸዋ፣ በድንጋይና በቁጥቋጦ በሠራው ክትር ነው። ብርቱ ጐርፍ ሲመጣ ክትሩ ይፈርሳል። ይህን ያየ ተማሪ፣ ኋላ ቀር ሥራ ነው፣ በየዓመቱ ድካም ነው ይላል፤ ድካሙስ እውነት ነው። ነገር ግን መፍረሱ ጥቅም አለው። ክትሩ ሲፈርስ ማሳውን ጠርጎ ሊወስድ የነበረው ታላቅ ጐርፍ በወንዙ አልፎ ይሄዳል፤ መካከለኛው ጐርፍ ብቻ ወደ እርሻ ይገባል። በ1990ዎቹ በራያ ሸለቆ ከተሠሩት ዘመናዊ መጥለፊያዎች አንዳንዶቹ የጸና የሲሚንቶ ግንብና ጠባብ መግቢያ ነበራቸው። እንደ ማይደርቅ ወንዝ ተቈጥረው ስለ ተሠሩ፣ መግቢያቸው በደለልና ጐርፍ በሚያመጣው ቅርንጫፍ ተደፈነ፤ ገበሬዎቹም ወደ ቀድሞው ክትራቸው የተመለሱበት ቦታ አለ። የሠሯቸው ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ፈተናቸውን በሚገባ ያለፉ ነበሩ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ሳይመረቅ የመውጫ ፈተና እንዲፈተን ተደርጓል። እንግዲህ ለጀማሪ መሐንዲስነት የሚወዳደር ሰው ቀመሩን ማወቁ አስቀድሞ ታይቷል ማለት ነው። የቅጥሩ ፈተና ያንኑ መልሶ ከሚጠይቅ ይልቅ «ይህ ክትር ለምን እንዲፈርስ ተደርጎ ተሠራ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይጎዳል? ጥያቄ የምታወጡ ባልደረቦቼ ይህን አስቡልኝ። የሩርኪ ተማሪ ቦዩን ወጥቶ ያይ እንደ ነበረ፣ የዋጃውም ወጣት ያደገበት ወንዝ በፈተናው ወረቀት ላይ ስፍራ ቢያገኝ አይከፋም።

ከወጣቱ ጋር ስንነጋገር የአባቱ ታላቅ ወንድም መጡ፤ አካፋ በትከሻቸው ይዘዋል። ደብተሩን ከላይ ሆነው ተመለከቱና «እስቲ ይኸ ወረቀት ጐርፉ መቼ እንደሚመጣ ይነግርሃል?» አሉት።

«መቼ እንደሚመጣ አይነግርም አያ፤ ምን ያህል እንደሚሆን ነው እንጂ።»

«ምን ያህል እንደሚሆንማ ሲመጣ አየዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። ወዲያው ግን ቀና ብለው ወደ ደጋው ተመለከቱ፤ ከተራራው ጫፍ ላይ ጥቁር ደመና ተከምሯል። ሜዳው ላይ ፀሐይ ነበር። «ተነሥ፤ ክትሩ ዘንድ ሰው ያንሳል» አሉት። ወጣቱ ፈተናው ሊደርስ አራት ቀን እንደ ቀረው ነገራቸው። እርሳቸውም «አውቃለሁ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ደብተሩን አጥፎ ለሻይ ቤቱ ባለቤት አደራ ሰጠ፤ የሻዩን ሒሳብ እንድከፍልለት እንኳ አልፈቀደልኝም። ከበሩ ጥግ ሌላ አካፋ አንሥቶ ተከተላቸው። እኔም ወደ ቆቦ የምሄድበት መኪና ደርሶ ስለ ነበር ተሳፈርሁ፤ የወንዙን ድልድይ ስንሻገር ከታች አሸዋው ገና ደረቅ ነበር።