ቪዛ ያላገኘችው ልጅና የሉዊዚያናው ዘፋኝ

በአሜሪካ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ትልልቅ ኩባንያዎች ሳይደግፏቸው፣ በሬዲዮም ብዙ ሳይደመጡ፣ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፉ ስም ያገኙ ሥራዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ኒውትራል ሚልክ ሆቴል የተባለው የፎክ ሮክ ባንድ በ1998 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያወጣው ሁለተኛ አልበሙ ነው። አልበሙ «ኢን ዚ ኤሮፕሌን ኦቨር ዘ ሲ» ይባላል፤ «በአውሮፕላን ከባሕር በላይ» እንደ ማለት ነው። ለዘፈኖቹ ትልቅ መነሻ የሆነው የአንዲት ስደተኛ ልጅ የዕለት ማስታወሻ ነበር።

አን ፍራንክ በ1929 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደች። በ1933 ዓ.ም. ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ አይሁዳውያን ወላጆቿ ወደ ሆላንድ ተሰደው አምስተርዳም ላይ ኑሮ ጀመሩ። አባቷ ኦቶ ፍራንክ ቤተሰባቸውን ወደ አሜሪካ ለማሻገር ብዙ ደክመዋል። በ1938 ዓ.ም. ሮተርዳም በነበረው የአሜሪካ ቆንስላ አመልክተው ተራ ሲጠብቁ፣ በሜይ ወር 1940 ዓ.ም. ጀርመኖች ከተማይቱን በቦምብ ሲደበድቡ ማመልከቻቸው ከቆንስላው ጋር ጠፋ። በ1941 ዓ.ም. እንደገና ሞከሩ። አሜሪካ ውስጥ የሚረዳቸው ወዳጅ ነበራቸው፤ ሆኖም ደንቡ እየጠበቀ፣ ቆንስላዎቹም እየተዘጉ ሄዱና ጉዳዩ ሳይሳካ ቀረ። የቪዛ ወረፋ ቆሞ የሚያውቅ ሰው የእኒህን አባት ጭንቀት ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ ስምንት ሰዎች ከኦቶ ፍራንክ መሥሪያ ቤት በስተጀርባ ባለ ቤት ተደብቀው ሁለት ዓመት ያህል ኖሩ። ኦገስት 4 ቀን 1944 ዓ.ም. ተያዙ። አን በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በርገን በልሰን በተባለው ካምፕ ገና በ15 ዓመቷ ሞተች። ከስምንቱ የተረፉት አባቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ማስታወሻዋን በ1947 ዓ.ም. አሳተሙት። ዛሬ መጽሐፉን በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ብዙ የስደተኛ ልጆች ያነቡታል።

ሩስተን በምትባል የሉዊዚያና ከተማ ያደገው ጄፍ ማንገም መጽሐፉን ያነበበው የባንዱ የመጀመሪያ አልበም በወጣበት በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አንብቦ ለቀናት ማልቀሱን፣ ወደ ኋላ ዘመን ተመልሶ ሲያድናት በሕልሙ ያይ እንደነበርም ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ሕልሙ ባይሆንለት ዘፈን ጻፈ።

አልበሙ በ1997 ዓ.ም. ዴንቨር ከተማ ውስጥ ተቀዳ። ቅጂውን የመራው የልጅነት ጓደኛው ሮበርት ሽናይደር ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ሥራው የብዙ ወዳጆች ነው። ጄረሚ ባርንስ ከበሮ መታ፤ ስኮት ስፒሌን ትሮምቦንና ሌሎች የትንፋሽ መሣሪያዎች ተጫወተ፤ ጁሊያን ኮስተር የእንጨት መሰንጠቂያ መጋዝን በቫዮሊን ቀስት እየገዘገዘ እንደ ሰው ልቅሶ አስጮኸው። አሥራ አንዱ ቁጥሮች ተደምረው 40 ደቂቃ አይሞሉም።

አሳታሚው መርጅ ሬከርድስ በ1989 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና በሁለት ሙዚቀኞች የተቋቋመ አነስተኛ ድርጅት ነበር። አልበሙ ሲወጣ የሐያስያን አስተያየት የተደባለቀ ነበር። ፒችፎርክ የተባለው የሙዚቃ መጽሔት በ1998 ዓ.ም. ከአሥር 8.7 ሰጠው፤ በ2005 ዓ.ም. እንደገና ሲታተም ያው መጽሔት አሥር ከአሥር ሰጠው።

ዝናው ሲያድግ ግን ባለቤቱ አልነበረም። ከ1998 ዓ.ም. ዙር በኋላ ማንገም ከመድረክ ራቀ፤ ሦስተኛ አልበምም አልተከተለም። በ2001 ዓ.ም. ያሳተመው በቡልጋሪያ የባህል ዘፈን በዓል ላይ የቀዳውን የሕዝብ ሙዚቃ ነበር፤ የራሱን ድምፅ ትቶ የሌሎችን አሰማ። ባንዱ ተመልሶ በየከተማው የተጫወተው ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ መድረኮች ፊት፣ አልበሙ ሲወጣ ገና ሕፃናት የነበሩ ወጣቶች ቃሉን ሁሉ በቃላቸው ይዘው አብረው ዘመሩ።

ኦቶ ፍራንክ ለልጃቸው ቪዛ ማግኘት አልቻሉም። የጻፈችው ግን ያለ ቪዛ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ከሞተች ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ የሉዊዚያና ወጣት ዘንድ ደረሰ። ዛሬም በየአገሩ ወረፋ የሚጠብቁ አባቶችና ደብተር የያዙ ልጆች አሉ።