ካሜራውን የከፈቱት ልጆች

ወንጪን ዛሬ የማያውቅ የአዲስ አበባ ወጣት ማግኘት ይከብዳል፡፡ ሐይቁ አለ፣ ፈረሱ አለ፣ ሎጁ አለ፣ ፎቶው ፌስቡክ ላይ አለ፡፡ የወልቂጤን መንገድ ይዞ ወሊሶ ሲደርሱ ወደ አምቦ በሚወስደው መታጠፍ ነው፡፡ የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ ሎጁ አይደለም፡፡ «ገበታ ለሀገር» የሚባል ነገር ገና ሳይታሰብ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ እዚያው ተራራ ላይ ሃያ የሚያህሉ ሕፃናት እጅ ስለገባ ታብሌት ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ የኤምአይቲው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረተው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለ የአሜሪካ ድርጅት አንድ ጥያቄ ነበረው፡፡ ትምህርት ቤት ያልገባ፣ በአካባቢው ማንበብ የሚችል ሰው የሌለው ልጅ ኮምፒውተር ቢሰጠው ማንበብን ራሱ ለራሱ ሊያስተምር ይችላል ወይ? ለሙከራው ሁለት ቦታ ተመረጠ፤ ደጋው ወንጪና ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው ወለንጪቲ፡፡ ለእያንዳንዱ መንደር ሃያ ያህል ሞቶሮላ ዙም ታብሌት ተላከ፡፡ አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም፡፡ ለአዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል እንዴት ቻርጅ እንደሚደረግ ብቻ ተነገራቸው፡፡ በየሳምንቱ አንድ ቴክኒሻን እየመጣ ሚሞሪ ካርዱን ይቀይራል፤ ልጆቹ ምን ምን እንደነካኩ የሚታወቀው ከካርዱ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ኔግሮፖንቴ አንድ ጉባኤ ላይ ቆሞ የተናገረው ታሪክ ዓለምን ዞረ፡፡ አንድ ልጅ የታሸገውን ካርቶን ከፍቶ ማብሪያውን ለማግኘት 4 ደቂቃ ብቻ ፈጀበት አለ፡፡ በ5 ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕሊኬሽን ይነካካ ጀመር፡፡ በሁለት ሳምንት የኤቢሲዲ መዝሙር፡፡ በ5 ወር ደግሞ አንድሮይዱን «ሀክ» አደረጉት፡፡ (ልብ በሉ፤ የሚነግረን የፕሮጀክቱ ባለቤት ነው፡፡ የራሷን ጠላ ቀጠነ የምትል ጠማቂ አላየሁም፡፡)

እኔን የሳበኝ «ሀክ አደረጉ» የሚለው ሳይሆን ምንን የሚለው ነው፡፡ ከድርጅቱ ሰዎች አንዱ የታብሌቶቹን ካሜራ በስህተት ዘግቶት ነበር፤ ገጹም ልጆቹ እንዳይቀይሩት ተቆልፎ ነበር፡፡ ልጆቹ ቁልፉን አልፈው ገጹን እንደየፍላጎታቸው አደረጉት፣ ካሜራውንም አስነሡት፡፡ ታብሌቱ በሚነበብ፣ በሚደመጥና በሚታይ ነገር ተሞልቶ ነበር፡፡ እነሱ ደክመው የከፈቱት ግን ራሳቸው የሆነ ነገር የሚሠሩበትን ዕቃ ነው፡፡ ለእኔ የወንጪ ታሪክ ዋናው ነጥብ ይሄ ነው፤ በየጋዜጣው የተራገበው ግን የቀሩት ቁጥሮች ናቸው፡፡

ሌላም አለ፡፡ ከልጆቹ አንዱ የሥዕል ፕሮግራም ከፍቶ «ላየን» ብሎ ጻፈ አሉ፤ በእንግሊዝኛ፣ በላቲን ፊደል፡፡ ሁለቱም መንደሮች ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው፤ የዚያ ልጅ እናት አንበሳን «ሌንጫ» ነው የምትለው፡፡ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ምንም አያጠያይቅም፡፡ ግን እናቱ ያነበበችለት ቃል አይደለም፣ ሊያነብላት ቢሞክርም የምትረዳው አይደለም፡፡

ልጅ ኮምፒውተር ላይ ይሥራበት የሚለው ሐሳብ ከወንጪ በፊት ብዙ ዕድሜ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሞር ፓፐርት፣ ሲንቲያ ሰለሞንና ዋሊ ፈርዚግ ሎጎ የሚባል የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ አወጡ፡፡ ልጁ «50 ወደፊት፣ 90 ወደ ቀኝ» እያለ ኤሊ ያዛል፤ ኤሊዋ በሄደችበት መስመር ታሰምራለች፤ አራት ጊዜ ካስደገማት ካሬ ይወጣል፡፡ ፓፐርት ኮምፒውተር ልጁን ከሚያዘው ልጁ ኮምፒውተሩን ቢያዘው ይሻላል ባይ ነበር፡፡ ችግሩ ትእዛዙ በጽሑፍ መሆኑ ነው፤ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ኮምፒውተሩ ያኮርፋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 ሚቸል ሬዝኒክና የኤምአይቲ ቡድኑ ያወጡት ስክራች ይህንን አቃለለው፡፡ ትእዛዙ ሁሉ ባለ ቀለም ብሎክ ሆነ፡፡ «10 እርምጃ ሂድ» የሚለውን ብሎክ ትጎትቱና «ድገም» የሚለው ውስጥ ትሰኩታላችሁ፤ ድመቷ ትራመዳለች፡፡ የማይገጥም ብሎክ አይሰካም፡፡ ሥዕሉን ልጁ ይሥላል፣ ድምፁን በማይክሮፎን ይቀዳል፡፡ ተረትም ጨዋታም የሙዚቃ ክሊፕም ይወጣዋል፡፡

እኛ ጋ ነገሩ የተጀመረው ከሌላው ጫፍ ነው፡፡ በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ፡፡ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማራችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ደቡብ አፍሪካ ተቀርፆ በሳተላይት የሚመጣ፣ በእንግሊዝኛ የሚሮጥ፣ «ቆይ፣ አልገባኝም» ብትሉት የማይሰማ አስተማሪ፡፡ የክፍሉ መምህር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈዋል፡፡ ለታዳጊ ልጅ ስክሪን ማለት ዝም ብለው የሚያዩት ነገር ነው የሚለውን ትምህርት ግን ፕላዝማው በደንብ አስተምሯል፡፡

ከዚያ ኅዳር 2000፣ እኛ የሚሊኒየሙን ከበሮ ሳናወርድ፣ አሜሪካ ውስጥ «አንድ ስጥ፣ አንድ ውሰድ» የሚል ዘመቻ ተጀመረ፡፡ 399 ዶላር የከፈለ ሰው አንድ ላፕቶፕ ለራሱ ይደርሰዋል፣ ሌላ አንድ ለድሃ ሀገር ልጅ ይላካል፡፡ ለኢትዮጵያ 5,000 ያህል ደረሳት፡፡ ኤክስኦ ትባላለች፤ ነጭና አረንጓዴ፣ ፀሐይ ላይ የምትነበብ፣ የቁልፍ ሰሌዳዋ ላይ ፊደላችን ያለባት፡፡ በኢትዮጵያና በጀርመን ትብብር ይካሄድ በነበረው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም በኩል አዲስ አበባ ውስጥና ገጠር ባሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ተሞከረች፡፡ በውስጧ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ ካሜራ፣ ድምፅ መቅጃ፣ የፓፐርት ኤሊ የልጅ ልጅ የሆነው «ተርትል አርት»፣ በእነ አለን ኬይ የተሠራው «ኢቶይስ» ነበሩ፡፡ ልጁ የሚፈጥርበት ዕቃ ሁሉ ተሟልቶ መጣ ማለት ነው፡፡

ምን ሆነ? ሙከራውን የተከታተሉ ተመራማሪዎች እንደጻፉት ክፍል ውስጥ ላፕቶፗ መጫወቻ ተብላ ተቆጠረች፡፡ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጁ ፎቶ ያነሳል፡፡ (አሁንም ካሜራ!) መምህሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ ጢም ባለ ክፍል ውስጥ፣ ፈተናው ያው የድሮው ፈተና ሆኖ፣ ምኑን ከምን እንደሚያያይዘው ማንም ቁጭ ብሎ ሳያሳየው ምን ያድርግ? እዚህ ላይ የሆላንዱ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ሊዘለል አይገባም፡፡ ላፕቶፕ የነበራቸው የኢትዮጵያ ልጆች ካልነበራቸው ይልቅ ነገርን ከነገር በማመሳሰልና በየወገኑ በመመደብ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ፡፡ መጫወቻ የተባለችው ዕቃ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ሥራ ሠርታ ነበር፡፡

እንግዲህ ወንጪን ወደ ኋላ ትተን ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ እንውረድ፡፡ እነዚህ ከተሞች መንደር አይደሉም፤ መብራት አለ፣ ስልክ አለ፣ ዘፈን በሚሞሪ የሚጭን፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሱቅ አለ፡፡ እንደዚህ ያለውን ሱቅ የምንንቀው ከሆነ ሐረርን እናስታውስ፡፡ ቤተልሔም ደሴ ገና በ9 ዓመቷ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቪዲዮ እያቀናበረች፣ ለደንበኛ ሙዚቃ እየጫነች ነው የጀመረችው፡፡ በኋላ በአይኮግ «ኤኒዋን ካን ኮድ» የሚባለውን የልጆች የኮዲንግ ሥልጠና መርታለች፡፡ መልቲሚዲያው በር ሆኗት ፕሮግራሙ ተከተለ፡፡

የቋንቋው ነገርም እዚህ ይለያል፡፡ የወልቂጤ ልጅ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ቤት ቸሃ ወይ እዣ ሊናገር ይችላል፤ የቡታጅራው ደግሞ መስቃንኛ ወይ ክስታንኛ፡፡ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት በ2005፣ ለአዲሱ የጉራጊኛ አጻጻፍ የሚሆኑት ደግሞ በ2021፡፡ የልጁ የቤት ቋንቋ ከነሙሉ ፊደሉ ኮምፒውተር ውስጥ ለመግባት ከአማርኛ 22 ዓመት ዘግይቷል፡፡ ስክራች ላይ ግን መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር፡፡ የስክራች የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አለ፤ ብሎኮቹን በእሱ ያነባል፡፡ ታሪኩን ደግሞ በድምፅ ይቀዳዋል፡፡ የመስቀልን ደመራ ሥሎ፣ እሳቱን በ«ድገም» ብሎክ አንቦግቡጎ፣ የአያቱን ድምፅ በራሷ ጉራጊኛ ከጀርባ ቢያስገባ ኮምፒውተሩ «ፊደሉ የለኝም» አይለውም፡፡ ያ ሥራ ለአያቱ ሲከፈትላት ትሰማዋለች፡፡ የወንጪው «ላየን» ያጣው ይህንን ነው፡፡

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» ትምህርቱ በኦንላይን፣ ይዘቱም ዌብ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው፡፡ ጥሩ ነው፤ ግን ለደረሰ ሰው ነው፡፡ የአራተኛ ክፍሉን ልጅ አልጠራውም፡፡

ታዲያ ማን ይጥራው? የጉራጌ ሰው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መንገድ ሲቸግረው ምን እንዳደረገ ወላጆቻችን ያውቁታል፡፡ መርካቶ ያለው ነጋዴም ሀገር ቤት ያለው ገበሬም አዋጥቶ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋመ፤ በኋላም ማኅበሩ ወደ ትምህርት ቤት ግንባታ ተሻገረ፡፡ መንገዱ ባለቤት ነበረው፤ ሲበላሽ የሚቆጨው ሰው ነበር፡፡ የኤክስኦዋ ባለቤት ቦስተን ነበር፣ የታብሌቱም እንደዚያው፡፡

ለልጆቹ የሚያስፈልገው ደግሞ እንደ መንገድ ዶዘር አይጠይቅም፡፡ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ፣ ታብሌቱ ወንጪ በገባበት በዚያው 2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ጉብሬ ላይ ኮምፒውተር የሚማር ወጣት አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወርዶ ከአንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ጋር ቢቀመጥ መምህሩ በአንድ ሴሚስተር ይዞት ይሄዳል፡፡ ስክራች ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፡፡ አንዴ ወርዶ በፍላሽ እየዞረ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይም ሊጫን ይችላል፤ ክፍሉ እንዳይቆለፍ ብቻ፡፡ ካሜራውም እንዳይዘጋ፡፡