የጆሃሪ መስኮት

የጆሃሪ መስኮት አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጆሴፍ ሉፍት እና ሃሪንግተን ኢንግሃም በ1955 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት፣ ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀውንና ሌሎች ስለ እርሱ የሚያውቁትን በአራት ክፍሎች እያነጻጸረ የሚያሳይ ራስን የማወቂያ ሞዴል ሲሆን፣ ስያሜውም ከሁለቱ ሰዎች የመጠሪያ ስም የተቀናበረ ነው። ክፍሎቹም ለራስም ለሌሎችም ግልጽ የሆነው፣ ባለቤቱ አውቆ የሚሸሽገው፣ ለማንም ያልታወቀው፣ እንዲሁም ዕውር ነጥብ የሚባለው፣ ማለትም ሌሎች እያዩት ባለቤቱ ግን የማያየው ናቸው። ለመሪ ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ይህ የመጨረሻው ነው፤ በስብሰባ ላይ የበታቾቹን ንግግር እያቋረጠ ውሳኔ የሚሰጥ ኃላፊ ራሱን ቆራጥ አድርጎ ሲቆጥር፣ ባልደረቦቹ የማያዳምጥ መሆኑን ቢያውቁም ሥልጣኑን ፈርተው ዝም ስለሚሉ፣ ድክመቱ ከሹመቱ ጋር አብሮ ያድጋል። ዕውር ነጥቡ የሚጠበው መሪው አስተያየት ሲጠይቅና የሰማውን ለማስተባበል ሳይቸኩል ሲቀበል ነው። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የተለመደው ግምገማ ከዚህ ጋር ቢመሳሰልም፣ ውጤቱ ለሹም ሽር መነሻ በሚሆንበት ቦታ ተገምጋሚው ራሱን ከመመርመር ይልቅ መከላከልን ስለሚመርጥ፣ የመስኮቱን ዓላማ ያሟላል ማለት አይቻልም።