ታሪክን ለጨዋታ ስለ ማሰናዳት

የሰው ልጅ ጦርነትን በሜዳ ብቻ ሳይሆን በገበታም ላይ ሲያካሂድ ኖሯል። በዘመናችን ደግሞ ገበታው ኮምፒዩተር ሆኗል። ተራ በተራ ከሚጫወቱት የኮምፒዩተር ጨዋታዎች መካከል ስመ ጥር የሆነው «ሲቪላይዜሽን» ነው። የጨዋታው ዋና አሰናጅ ሲድ ሜየር ሲሆን፣ ማይክሮፕሮዝ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 አወጣው። ተጫዋቹ አንድን ሕዝብ ከጥንት ዘመን ጀምሮ እየመራ ከተማ ይቆረቁራል፣ መንገድ ያወጣል፣ ጦር ያዘምታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሁለተኛው ጨዋታ ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ ካርታውን ሥሎ፣ ከተሞቹን ተክሎ፣ የመነሻውን ዓመትና የድሉን መለኪያ ወስኖ የራሱን ታሪክ እንዲያሰናዳ ፈቀደለት። እንዲህ ያለው ዝግጅት «ሴናሪዮ» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽ የፈለግነው ሴናሪዮ ማሰናዳት ታሪክን የመመርመር ሥራ መሆኑንና ለኛም ለኢትዮጵያ ወጣቶች የሚገባን መሆኑን ነው።

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን እንደ ፈቃዳቸው ያሰልፉ ነበር፤ ይህም «ወረራ» ይባላል። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ የውጊያውን መነሻ የሚያሰናዱት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአምስተኛው «ሲቪላይዜሽን» ላይ በተጨመረው ክፍል ውስጥ የአፍሪካን ቅርምት የሚያሳይ ሴናሪዮ ወጣ። ኢትዮጵያም በዚያ ውስጥ ስፍራ ስላገኘች ደስ ይለናል። ነገር ግን የአህጉሩ መሐል በየጨዋታው በዕጣ እየተለዋወጠ እንዲሣል ተደርጎ ተሠርቷል፤ ይህም ተጫዋቹ ሁልጊዜ ያልታወቀ ምድር እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ያልታወቀው ለማን ነው? ብለን ብንጠይቅ፣ ከባሕር ማዶ ለመጣው ነው። በዚያ ለሚኖር ሰው ግን ተራራው ስም አለው፣ ወንዙ መሻገሪያ አለው፣ ገበያውም የታወቀ ቀን አለው።

የካርታ ነገር ቀላል እንዳልሆነ የዐድዋ ታሪክ ይመሰክራል። የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ሌሊት ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን ያንቀሳቀሰው ስሕተት ባለበት ንድፍ ካርታ እየተመራ ነበር። ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ በካርታው ላይ ያለ ቦታው ተጽፎ ስለ ነበር፣ የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ ሄደ፤ በማግስቱም ከሁሉ አስቀድሞ ተመታ።

ስለዚህ የዐድዋን ሴናሪዮ የሚያሰናዳ ተማሪ የወታደሩንና የመድፉን ቍጥር ብቻ ቢጽፍ ታሪኩን ገና አላወቀውም። የመቀሌ ምሽግ የተለቀቀው በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃው ምንጭ ስለ ተያዘ ነው፤ እንግዲያው ምንጩ በካርታው ላይ መታየት አለበት። በየካቲት ወር ሁለቱም ሠራዊት ስንቅ አጥሯቸው ነበር፤ እንግዲያው በየተራው እህሉ መቀነስ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተጫዋቹ ሊሸነፍ የሚችል መሆን አለበት። ድሉ አስቀድሞ የተወሰነ ከሆነ የአባቶቻችን ድካምና ብልሃት አይታይም። ጥቂት ቀን ቢዘገይ፣ ስንቁ ቢያልቅ፣ ሠራዊቱ ቢበተን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ብሎ የጠየቀ ሰው የድሉን ዋጋ ከማንም ይልቅ ያውቃል።

ሴናሪዮ ሁሉ ጦርነት መሆን የለበትም። እኛ በምንኖርበት በመናገሻ ያለውን ታሪክ እንመልከት። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በአካባቢዋ የነበረው ማገዶ እየተመናመነ ስለ ሄደ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ኋላ ግን ባሕር ዛፍ በመስፋፋቱ ከተማዋ በቦታዋ ጸናች። ይህን የሚያሰናዳ ሰው የሚያስፈልገው ጠላት አይደለም፤ ደን፣ መንገድ፣ የሕዝብ ብዛትና ጊዜ ነው። የመናገሻን ደን፣ የሱሉልታን ሜዳ፣ በቡራዩ በኩል ያለውን የገፈርሳን ውሃ፣ የሰበታን መንገድ በየቦታው ይተክላል። ተጫዋቹም ደኑን ዛሬ ቆርጦ ይጨርስ ወይስ ለነገ ይትከል? የሚለውን ይወስናል። ይህ ጥያቄ ለዛሬዋ ከተማና በዙሪያዋ ላለነውም ሁሉ የሚሆን ነው።

የተወደዳችሁ ታናናሾቻችን ሆይ፣ «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» እንደ ተባለው የአገራችንን መሐል በዕጣ እንዲሣል አንተወው። መጽሐፍ እናንብብ፣ ሽማግሌዎችን እንጠይቅ፣ ኮረብታውንም በእግራችን ሄደን እንየው። ከዚያ በኋላ ካርታውን እንሣል፤ ስሞቹንም በየቦታቸው እንጻፍ።