ወንድና ሴት በአንድ ነጥብ፦ የስኳሽ ድብልቅ ጥንድ ውድድር ታሪክ

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን በአገራችን ብዙም ስለማይወራለት አንድ ውድድር ነው። ወንድና ሴት አንድ ሜዳ ገብተው፣ አንድ ቡድን ሆነው፣ ለአንድ ሜዳልያ የሚፋለሙበት የስኳሽ ድብልቅ ጥንድ ውድድር።

ነገሩ የሚጀምረው መስከረም 1 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው። እኛ አደይ አበባ ይዘን እንቁጣጣሽ ስንባባል፣ በዚያው ዕለት በማሌዢያ ዋና ከተማ በኳላላምፑር፣ በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች የሆኑ አገሮች የሚወዳደሩባቸው 16ኛው የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ተከፈቱ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 11 ቀን 1998 መሆኑ ነው። ጨዋታዎቹ በእስያ ምድር ሲካሄዱ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ስኳሽም ወደዚህ ታላቅ መድረክ የገባው ያኔ ነው። አምስት የወርቅ ሜዳልያዎች ተመደቡለት፦ ለወንዶች ነጠላ፣ ለሴቶች ነጠላ፣ ለወንዶች ጥንድ፣ ለሴቶች ጥንድ፣ አምስተኛው ደግሞ ለድብልቅ ጥንድ።

አምስተኛውን ወርቅ የወሰዱት አውስትራሊያውያኑ ሚሼል ማርቲንና ክሬግ ሮውላንድ ናቸው። ማርቲን ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ተጫዋች ነበረች። በኳላላምፑር የሴቶች ነጠላውንም ወርቅ ወስዳለች።

አድማጮቻችን፣ ወደ ታሪኩ ከመዝለቃችን በፊት ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። ስኳሽ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር፣ በሃሮው ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተጀመረ ነው። የሚካሄደው በአራት ግድግዳ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። የነጠላ ሜዳው ርዝመት 9.75 ሜትር፣ ስፋቱ 6.4 ሜትር ነው። ተጋጣሚዎቹ እንደ ቴኒስ በመረብ ተለያይተው ፊት ለፊት አይቆሙም። ጎን ለጎን ቆመው፣ ሁሉም ወደ ፊተኛው ግድግዳ ይመታሉ። ኳሷ ትንሽ ናት፤ ጥቁር ላስቲክ፣ ክብደቷ 24 ግራም ገደማ። ስትቀዘቅዝ አትነጥርም። ስለዚህ ተጫዋቾቹ ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት ደጋግመው እየመቱ ያሞቋታል። ከፊተኛው ግድግዳ ግርጌ ቆርቆሮ ተለጥፏል። ኳስ እዚያ ላይ ካረፈች ድምፁ ክፍሉን ይሞላዋል፤ የመታው ሰውም ነጥቡን አጣ ማለት ነው።

አሁን በዚያ ክፍል ውስጥ አራት ሰው እናስገባ። ለጥንድ ጨዋታ ሜዳው በስፋት ይጨምራል። ቢሆንም አራት ሰው፣ አራት ራኬት፣ ከግድግዳ ግድግዳ የምትወረወር አንዲት ኳስ ናቸውና ቦታው አሁንም ጠባብ ነው። ጥንዶቹ ሜዳውን ግራና ቀኝ ይከፋፈሉታል። በጠረጴዛ ቴኒስ ጥንዶች ተራ ጠብቀው ነው የሚመቱት። በስኳሽ ግን ኳስ ስትመለስ ከሁለቱ የፈለገው መምታት ይችላል። የድብልቅ ጥንድ ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው። ተጋጣሚ ቡድን ደካማ ነው ብሎ የገመተውን ሰው ነጥሎ ኳሱን ሁሉ ወደ እሱ ይልካል። ብዙ ጊዜ የሚነጠለው ማን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፤ ሴቷ ናት። እሷ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ የምትመጣውን ኳስ አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ ስትመልስ፣ ወንዱ በሌላው ጎን ቆሞ ይጠብቃል። ትዕግሥት አጥቶ ወደ እሷ ክልል ዘው ካለ የራሱን ጎን ባዶ ይተዋል፤ ተጋጣሚም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። በእሷ ተማምኖ በቦታው ከቆየ ግን አንድ ያልተስተካከለ ኳስ ወደ እሱ የምትመጣበት ጊዜ አለ። ያኔ ነጥቡን የሚዘጋው እሱ ነው፤ ያመቻቸችው ግን እሷ ናት። በድብልቅ ጥንድ የሚያሸንፉት ጓደኛቸውን የሚያምኑ ናቸው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1994 ዓ.ም. ክረምት በእንግሊዝ ማንቸስተር ወርቁ የኒውዚላንዶቹ የሌይላኒ ሮራኒና የግሌን ዊልሰን ሆነ። በመጋቢት 1998 ዓ.ም. በሜልቦርን ናታሊ ግሪንሃም ከጆ ናይፕ ጋር ለአውስትራሊያ አሸነፈች። ናታሊ በዚያ ውድድር የነጠላውንም፣ ከእህቷ ከራሼል ጋር የሴቶች ጥንዱንም ወስዳ ሦስት ወርቅ ይዛ ወጥታለች። በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ በህንድ ዴልሂ ደግሞ ኬሲ ብራውንና ካሜሮን ፒሊ ለአውስትራሊያ ሌላ ወርቅ ጨመሩ።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት በስኮትላንድ ግላስጎ የሆነው ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ዴቪድ ፓልመር ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ጡረታ ወጥቶ ነበር። በ38 ዓመቱ ተመልሶ መጣ። አጋሩ ራሼል ግሪንሃም ነበረች፤ እሷም የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ናት፣ ዕድሜዋም 37። ሁለቱ አንጋፋዎች እንግሊዛውያኑን ፒተር ባርከርንና አሊሰን ዋተርስን ረትተው ወርቁን ወሰዱ። በነጠላ ሜዳ ጉልበት የሚጠይቀውን ሩጫ፣ በጥንድ ሜዳ ልምድና መግባባት ሊተካው እንደሚችል ያሳዩበት ድል ነው።

በ2010 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ጎልድ ኮስት ካሜሮን ፒሊ ከዶና ኧርኩሃርት ጋር በድጋሚ አሸነፈ። በፍጻሜው የተሸነፉት ህንዳውያኑ ዲፒካ ፓሊካልና ሳውራቭ ጎሳል ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት በበርሚንግሃም ደግሞ ከአራት ዓመት በፊት በነሐስ ረክተው የነበሩት ኒውዚላንዳውያን፣ ጆዌል ኪንግና ፖል ኮል፣ ወርቁን በእጃቸው አስገቡ።

እንግዲህ ስንደምረው ከ1991 እስከ 2014 ዓ.ም. ሰባት ወርቅ ተሰጥቷል። አምስቱ የአውስትራሊያ፣ ሁለቱ የኒውዚላንድ። የጨዋታው መፍለቂያ እንግሊዝ በድብልቅ ጥንድ አንድም ወርቅ አላገኘችም። አፍሪካ ውስጥ የስኳሽ ኃያል የሆነችው ግብፅም በዚህ ታሪክ ውስጥ የለችም፤ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችምና። ኢትዮጵያም እንዲሁ አባል አይደለችም። ጎረቤቶቻችን ኬንያና ኡጋንዳ ግን በጨዋታዎቹ ይሳተፋሉ።

አድማጮቻችን፣ ከእነዚህ ሁሉ ጥንዶች መካከል የአንዲት ሴት ታሪክ ለብቻው ይነገር። ዲፒካ ፓሊካል የህንድ ከተማ የቼናይ ልጅ ናት። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መንታ ልጆች ወለደች። ስድስት ወር ሳይሞላ ራኬቷን አንስታ በግላስጎ በተካሄደው የዓለም የጥንድ ሻምፒዮና ቀረበች። ከሳውራቭ ጎሳል ጋር የድብልቅ ጥንዱን፣ ከጆሽና ቺናፓ ጋር የሴቶች ጥንዱን አሸነፈች። በዚያው ዓመት ክረምት በበርሚንግሃም ከጎሳል ጋር ነሐስ ጨመረች። ቀጥሎ የመጣው በቻይና ሃንግዡ የተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች ነው። የስኳሽ ድብልቅ ጥንድ በእስያ ጨዋታዎች ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው እዚያ ነበር። መስከረም 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ዲፒካ ከሃሪንደር ፓል ሳንዱ ጋር ለፍጻሜ ቀረበች፤ ከማሌዢያ ጥንዶች ጋር። የመጀመሪያው ጌም 11 ለ10 አለቀ። ሁለተኛውም 11 ለ10። ሁለቱም ጌሞች የተወሰኑት በአንድ አንድ ነጥብ ነው፤ ሁለቱም ወደ ህንድ ሄዱ። ወልዳ ወደ ሜዳ የተመለሰች እናት በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ የዓለምንም የእስያንም ዘውድ ደፋች።

ይሁንና ይህ ውድድር ዛሬ መድረኩ እየጠበበበት ነው። በሐምሌ 2018 ዓ.ም. ለግላስጎ የታቀዱት የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ወጪ ለመቀነስ ሲባል ወደ 10 ስፖርቶች ዝቅ እንዲሉ ተደርጓል። ስኳሽ ከዝርዝሩ ወጣ። ከኳላላምፑር ወዲህ ከፕሮግራሙ ሲሰረዝ ይህ የመጀመሪያው ነው። በሌላ በኩል ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በሙምባይ ባደረገው ስብሰባ ስኳሽ በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ እንዲገባ ወስኗል። የስኳሽ ወዳጆች ለዓመታት ያቀረቡት ጥያቄ መልስ አገኘ። ነገር ግን በሎስ አንጀለስ የሚካሄደው የወንዶች ነጠላና የሴቶች ነጠላ ብቻ ነው። ድብልቅ ጥንድ የለም። ይህ ሊታረም የሚገባው ነገር ነው። ምክንያቱም ኦሊምፒክ ራሱ ድብልቅ ውድድርን ከድሮ ጀምሮ የሚያውቅ መድረክ ነው። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፉበት፣ በአውሮፓውያኑ 1900 በፓሪስ በተካሄደው ኦሊምፒክ፣ ሻርሎት ኩፐርና ሬጂናልድ ዶኸርቲ በቴኒስ ድብልቅ ጥንድ አሸንፈዋል። በቅርቡም በሪዮ 9 የነበሩት የድብልቅ ውድድሮች በቶኪዮ 18 ሆነዋል። ዓለም ወደ ድብልቅ እያመራ ስኳሽ ወደ ኋላ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ “ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?” የሚል ካለ መልሱ ቅርብ ነው። እኛ በራኬት ባይሆን በእግራችን ይህንን መንገድ ይዘነዋል። የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና መጋቢት 17 ቀን 2009 ዓ.ም. በካምፓላ ሲካሄድ የድብልቅ ዱላ ቅብብል ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ። ወልዴ ቱፋ፣ ቦኔ ጩሉኬ፣ ዮሚፍ ቀጀልቻና ገንዘቤ ዲባባ ከኬንያ ቀጥሎ ብር አመጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 21 ቀን 2011 ዓ.ም. በዴንማርክ አርሁስ፣ ከበደ እንዳለ፣ ቦኔ ጩሉኬ፣ ታደሰ ለሚና ፋንቱ ወርቁ ወርቁን ለኢትዮጵያ አስገኙ። ሞሮኮ ሁለተኛ፣ ኬንያ ሦስተኛ ነበሩ። ከዚያም በአውስትራሊያ ባተርስት በየካቲት 2015፣ በሰርቢያ ቤልግሬድ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሁለት ተጨማሪ ብር መጣ።

በዚያ ውድድር የሴቶቹ ሰዓት ከወንዶቹ ሰዓት ጋር ይደመራል። አንዱ ቢደክም አራቱም ይሸነፋሉ፤ አንዷ ብትበረታ አራቱም ይከብራሉ። እንደ ጥማድ በሬ አንዱ ያለ ሌላው አይራመድም። የስኳሹ ድብልቅ ጥንድ ያስተማረውም ይህንኑ ነው። ለሴት ልጅ ቦታ መስጠት ውለታ አይደለም፤ ያለ እሷ የሚገኝ ድል የለም። ሥልጠና ላይ እኩል ያልተለፋባት ልጅ በውድድር ቀን ነጥሎ ለሚመታት ተጋጣሚ ትጋለጣለች፤ ያን ጊዜ የሚሸነፈው ቡድኑ በሙሉ ነው።

ከተማችን ሐዋሳ ለድብልቅ ውድድር የተመቸች ናት። መሬቷ ሜዳ ነው። በየማለዳው በሐይቁ ዳር ወንዱም ሴቱም፣ ወጣቱም አዛውንቱም አብሮ ይሮጣል። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ትምህርት ቤቶቿ ብዙ ናቸው። የጎደለው አብሮ የሚሮጠው ሕዝብ አብሮ እንዲወዳደር የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። በትምህርት ቤት ውድድሮቻችን ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ ይሰለፋሉ። ብዙ ጊዜም የሴቶቹ ውድድር ተመልካች ሳይሰበሰብ በጠዋት ይጠናቀቃል።

ስለዚህ ለሐዋሳ ትምህርት ቤቶች የስፖርት መምህራን፣ ለክፍለ ከተማ የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ለዩኒቨርሲቲው የስፖርት ሳይንስ ክፍል መልእክት አለን። የስኳሽ ሜዳ መሥራት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያ ነገ ይደርሳል። የድብልቅ ዱላ ቅብብል ግን አራት ልጆችና አንድ ዱላ ይበቃዋል። የጠረጴዛ ቴኒስ ድብልቅ ጥንድም በየትምህርት ቤቱ ያሉት ጠረጴዛዎች ይበቁታል። በሚቀጥለው የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ሁለቱን ጨምሩ፤ ሰዓታቸውንም ሕዝቡ በሚሞላበት ከሰዓት በኋላ አድርጉት። ወላጆችም ሴት ልጃችሁን ከወንድሟ እኩል ወደ ሥልጠና ላኩ።