ከምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ባንክ እስከ ፍሎሪዳው መርፌ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ታሪኩ የሚመዘዘው ከዓድዋ ጦርነት በኋላ አዲስ አበባ ከገቡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ነው። ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በዓይን ሕክምናው ነው። በ1995 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክም ሥራው ከዚሁ ሆስፒታል ጋር የተሳሰረ ነው። ሰው በሕይወት ሳለ ብሌኑን ሊለግስ ቃል ይገባል፤ ሲያርፍ ግን ብሌኑ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልተወሰደ አይጠቅምም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ይህን መጠየቅ ቀላል አይደለም። የሟች ቃል ይከበር ወይስ የልጆቹ እንባ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 ኤድዋርድ ዚርም የተባለ ሐኪም፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር፣ ኖራ ሁለቱን ዓይኖቹን ላቃጠለው ሠራተኛ የመጀመሪያውን የተሳካ የብሌን ንቅለ ተከላ አደረገ። ብሌኑ የተገኘው ከሞተ ሰው አልነበረም፤ ብረት ገብቶበት ማዳን ስላልተቻለ ዓይኑ ከወጣለት የ11 ዓመት ልጅ ነው። ከሠራተኛው ሁለት ዓይኖች የሰመረው አንዱ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ታካሚ ምንጊዜም መሞከሪያም ጭምር ነው፤ ማንም ቢያባብለው ይህ አይቀየርም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ጣሊያናውያኑ ግራዚዬላ ፔሌግሪኒና ሚኬሌ ዴ ሉካ ከታካሚው ከራሱ ጤነኛ ዓይን ጠርዝ ጥቂት ሴል ወስደው፣ በላቦራቶሪ አሳድገው፣ የተቃጠለውን ዓይን ገጽ መመለስ እንደሚቻል በሁለት ሰዎች አሳዩ። ሕክምናው በአውሮፓ ፈቃድ ያገኘው ግን በ2015 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት! በጨለማ ለተቀመጠ ሰው ይህ ዕድሜ ነው።

ያልታገሡት ምን እንዳደረሱ ደግሞ ፍሎሪዳ ታይቷል። በዚያው በ2015 ከ72 እስከ 88 ዓመት የሆኑ ሦስት ሴቶች ከገዛ ስባቸው የተወሰደ ሴል በአንድ ቀን ሁለቱም ዓይኖቻቸው ውስጥ ተወጋ። እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለዋል። ቢያንስ ሁለቱ በጥናት ላይ የሚሳተፉ መስሏቸው ነበር፤ የፈረሙት ወረቀት ግን ጥናት የሚል ነገር አልነበረበትም። ሦስቱም ዓይናቸው ጠፋ። በእውነተኛ ጥናት ተሳታፊ እንዲህ አይከፍልም፤ ሁለቱ ዓይኖችም በአንድ ቀን ለአደጋ አይጋለጡም።

እንዲህ ያለው ሙከራ ነገ የካ ቢደርስስ? ልጁ እየመራው ከጎጃም የመጣ አዛውንት «ዶክተር፣ እርስዎ ያሉት ይሁን» ብሎ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፍ፣ ሙከራና ሕክምና የተለያዩ መሆናቸውን ማን ነግሮታል?